የኮምስቶክ ብርና የታሆ ደን፦ የማዕድን ሥራና የእንጨት ቆረጣ ታሪክ በምዕራብ ኔቫዳ

የማዕድን ሥራ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ከምድር የወጣው ነው። ስንት ቶን ድንጋይ ተቆፈረ፥ ምን ያህል ወርቅና ብር ተጣራ፥ ማን በለጸገ፥ ማንስ ከሰረ እየተባለ በዝርዝር ይተረካል። ወደ ምድር ስለ ገባው ነገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም ጥልቅ ጉድጓድ ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚሸከምለት ድጋፍ፥ ውሃውን የሚስብለትና ድንጋዩን የሚወቅጥለት ኃይል ያስፈልገዋል። ከባቡር ሐዲድና ከገበያ ማእከሎች በራቀ በረሓማ አገር፥ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይህ ሁሉ የሚገኘው በአመዛኙ ከአንድ ምንጭ፥ ይኸውም ከዛፍ ነበር። ስለዚህ የማዕድንን ታሪክ ከደን ታሪክ ነጥሎ መጻፍ የሒሳብ መዝገብን ገቢ አንብቦ ወጪውን ሳይመለከቱ እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፥ በኔቫዳና በካሊፎርኒያ ወሰን አካባቢ የሚገኘው የኮምስቶክ የብር ማዕድንና ለእርሱ እንጨት ያቀረበው የታሆ ሐይቅ ተፋሰስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን አንዱ ደረቅና ዛፍ የጎደለው የተራራ ጎን ሲሆን፥ ሌላው በረዶ በሚያዘንበው በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል ያለ፥ በግዙፍ የጥድ ዛፎች የተከበበ ሐይቅ ነበር። ከ1859 እስከ 1898 ባሉት አርባ ዓመታት ውስጥ የሁለቱ ዕጣ አንድ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰማያዊው ጭቃ ምሥጢር

በዴቪድሰን ተራራ ሥር ባሉት ሸለቆዎች ከ1850 ጀምሮ ጥቂት ወርቅ ፈላጊዎች አሸዋ እያጠቡ ይተዳደሩ ነበር። በሥራቸው ላይ ያስቸገራቸው ነገር ቢኖር የማጠቢያ ሣጥናቸውን የሚደፍን ከባድ ሰማያዊ ጭቃ ነበር፤ እርሱንም እየረገሙ ወደ ዳር ይጥሉት ነበር። በሰኔ ወር 1859 ፒተር ኦራይሊና ፓትሪክ ማክላፍሊን የተባሉ ሁለት የአየርላንድ ተወላጆች በሸለቆው ራስጌ የማዕድኑን ጅማት አገኙ። ሄንሪ ኮምስቶክ የሚባል ሰው ደግሞ ቦታው የእኔ ነው በማለት ተከራክሮ ድርሻ ወሰደ፤ ስሙም ለማዕድኑ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ያ የተናቀው ጭቃ ወደ ካሊፎርኒያ ተልኮ ሲመረመር በአንድ ቶን ውስጥ ከ3,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ብርና ወርቅ እንዳለበት ታወቀ። ኮምስቶክ ድርሻውን በ11,000 ዶላር ገደማ ሸጦ ሄደ፤ በ1870 ድኻ ሆኖ በሞንታና ሞተ።

ወሬው ሲሰማ ሕዝብ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ ቨርጂኒያ ሲቲ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። አገሩ በ1861 ኔቫዳ ተብሎ ራሱን የቻለ ግዛት ሆነ፤ በጥቅምት 1864 ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ከአሜሪካ አንድነት ክፍላተ አገር እንደ አንዱ ተቆጠረ።

የሣጥኑ ዘዴ

የመጀመሪያው ችግር ገንዘብ ወይም ሠራተኛ ማጣት ሳይሆን የማዕድኑ ብዛት ነበር። በኦፊር ማዕድን ጉድጓዱ ከ50 ሜትር በላይ ሲወርድ የማዕድኑ ስፋት ከ12 ሜትር በለጠ። ድንጋዩም እንደ ጠንካራ ዐለት የሚቆም ሳይሆን የሚፈረካከስ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ሸክላም አየር ሲነካው ያብጥና ይገፋል። በዚያን ጊዜ የታወቀው አደጋገፍ ሁለት ምሰሶ አቁሞ በላያቸው አንድ አግዳሚ ማጋደም ብቻ ስለ ነበረ ይህን ያህል ስፋት ሊሸከም የሚችል ግንድ በየትም አይገኝም። ሀብቱ በዓይን እየታየ ሊወጣ አልቻለም።

በ1860 መጨረሻ ላይ የኦፊር ባለቤቶች ፊሊፕ ዳይደስሃይመር የተባለውን በጀርመን አገር በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት የተማረ መሐንዲስ አስመጡ። ዳይደስሃይመር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። ከአንድ ሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጡ ወፋፍራም አራት ማዕዘን ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ጫፋቸው ተጠርቦ እርስ በርሳቸው ይገጣጠማሉ፤ አንድ ባዶ ሣጥን ይሠራሉ። ማዕድኑ በተቆፈረ ቁጥር በሣጥኑ ጎን፥ በላዩም ሆነ በሥሩ ሌላ ሣጥን ይቀጠላል። እንዲህ እየተባለ እንደ ንብ ቀፎ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መስፋት ይቻላል። ግፊቱ በሚበረታበት ስፍራ ደግሞ ሣጥኖቹን በማይፈለግ ድንጋይ መሙላት ይበቃል። ዳይደስሃይመር ለዚህ ፈጠራው የባለቤትነት መብት አላወጣበትም፤ ስለዚህም ያለ ክፍያ በመላው ኮምስቶክ ተሠራበት።

በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ይህ ከዘመኑ ታላላቅ መፍትሔዎች አንዱ ነው፤ የብዙ ሠራተኞችንም ሕይወት ከመናድ አደጋ አትርፏል። ነገር ግን ዘዴው አንድ ያልተጻፈ ሁኔታ ነበረበት፤ ይኸውም ከተራራው ለሚወጣው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ማዕድን በምትኩ እንጨት ወደ ተራራው መግባት አለበት። አንድ ጊዜ የገባው እንጨት ተመልሶ አይወጣም። ይሰበራል፥ በሙቀትና በርጥበት ይበሰብሳል፥ ያም ሲሆን በአዲስ ይተካል።

ከዚህም በላይ እንጨቱ ራሱ አደጋ ይዞ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 1869 የሎው ጃኬት በሚባለው ማዕድን ውስጥ እሳት ተነሣ፤ ጭሱና መርዘኛው አየር በዋሻዎቹ ተላልፎ ወደ ጎረቤቶቹ ወደ ኬንታክና ወደ ክራውን ፖይንት ገባ፤ ቢያንስ 35 ሰዎች ሞቱ። የተራራው ሆድ በደረቅ ግንድ የተሞላ በመሆኑ እሳቱን ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ደኑ ወደ ተራራው ሲጓዝ

መጀመሪያ ላይ በቨርጂኒያ ሲቲ ዙሪያ ያሉት አጫጭር ዛፎች ለማገዶ ተቆረጡ፤ በጥቂት ዓመታትም አለቁ። ለጉድጓድ ድጋፍ የሚሆነው ረጅምና ቀጥ ያለ ግንድ ግን የሚገኘው በሲየራ ኔቫዳ ላይ ነበር። በታሆ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ ግሌንብሩክ በሚባለው ስፍራ፥ በ1861 የእንጨት መሰንጠቂያ ተተከለ። እስከ አሥር ዓመት ድረስ ሣንቃውና ግንዱ በበሬና በበቅሎ ሠረገላ በተራራ መንገድ ይጓጓዝ ስለ ነበረ የመጓጓዣው ዋጋ ከእንጨቱ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ደኑን ለጊዜው የጠበቀው ሕግ ሳይሆን ይህ የመንገድ ችግር ነው።

ችግሩን ሁለት ነገሮች አስወገዱት። አንደኛው የቨርጂኒያና ትረኪ የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱን ያሠሩት የካሊፎርኒያ ባንክ ወኪል ዊልያም ሻረንና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1869 ተጀምሮ በጥር 1870 ቨርጂኒያ ሲቲ ደረሰ። ባቡሩ ሲወርድ የማዕድን ድንጋይ ተሸክሞ በካርሰን ወንዝ ዳር ወዳሉት መውቀጫዎች ይወስዳል፤ ሲመለስ ግንድና ማገዶ ይጭናል። በሁለቱም አቅጣጫ ባዶውን ስለማይሄድ ትርፉ ከፍተኛ ሆነ።

ሁለተኛው የእንጨት ቦይ ነው። ሁለት ሣንቃ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ቅርጹ እንደ ሸለቆ ሾጠጥ ተደርጎ ይሠራና ውሃ ይለቀቅበታል፤ የተሰነጠቀው እንጨት በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከተራራው ጫፍ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በ1875 ጄምስ ፌርና ጄምስ ፍለድ የተባሉት የማዕድን ከበርቴዎች ከአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ጋር በአንደኛው ቦይ ላይ በጀልባ ተቀምጠው 24 ኪሎ ሜትር ያህል በ35 ደቂቃ ገደማ ወርደዋል። ሦስቱም ቆስለውና ተደናግጠው በሕይወት ተርፈዋል። ለሰዎቹ ጨዋታ የነበረው ፍጥነት ለደኑ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ በሠረገላ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በደቂቃዎች ያልቅ ጀመር።

በ1873 ዱዌን ብሊስ፥ ሄንሪ የሪንግተንና ዳርየስ ሚልስ የካርሰንና ታሆ የእንጨትና የቦይ ኩባንያን አቋቋሙ። ኩባንያው በሐይቁ ዙሪያ ሰፊ የደን መሬት ያዘ። በሐይቁ ላይ የእንፋሎት መርከቦች የታሰሩ ግንዶችን ወደ ግሌንብሩክ ይስባሉ፤ እዚያ ተሰንጥቀው በ1875 በተሠራው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠባብ ሐዲድ ወደ ስፑነር ኮረብታ ይወጣሉ፤ ከዚያ በቦይ ወደ ካርሰን ሲቲ ይወርዳሉ፤ ቀጥሎም በባቡር ወደ ማዕድኑ ይደርሳሉ። ከሐይቅ እስከ ጉድጓድ የተዘረጋው ይህ ሰንሰለት አንድም ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው ከመጀመሪያው ቀለበት በፊት ያለው ነገር፥ ማለትም የተቆረጠውን ዛፍ በሌላ ለመተካት የሚያስብ ሰው ነበር።

የደረሰውን መጠን በቁጥር ለመግለጽ ያህል፥ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው ግምት መሠረት እስከዚያ ድረስ በኮምስቶክ ጉድጓዶች ውስጥ የገባው የተሰነጠቀ እንጨት 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ለእንፋሎት ሞተሮችና ለመውቀጫዎች የነደደው ማገዶ ደግሞ ሲከመር 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ከሁለቱ የሚበልጠው ማገዶው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ደኑን ያስጨረሰው ድጋፉ ብቻ ሳይሆን እሳቱም ነው።

ሕጉም ቢሆን ቆራጩን የሚያግዝ ነበር። በ1878 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ የኔቫዳና የሌሎች የማዕድን አገሮች ነዋሪዎች በመንግሥት የማዕድን መሬት ላይ ያለውን ዛፍ ለማዕድን ሥራና ለቤት አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲቆርጡ ተፈቀደላቸው። ስለዚህ የእንጨት ዋጋ ማለት የቆራጩ ደመወዝና የማጓጓዣው ወጪ ብቻ ሆነ። ዛፉ ለማደግ የወሰደው ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

የሠራተኛው ድርሻ

በ1873 ኮንሶሊዴትድ ቨርጂኒያ በሚባለው ማዕድን ከ350 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ታላቁ ክምችት ተገኘ። ጆን ማኬይ፥ ጄምስ ፌር፥ ጄምስ ፍለድና ዊልያም ኦብራየን የተባሉት አራት ሸሪኮች ከእርሱና ከጎረቤቱ ማዕድን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ብርና ወርቅ አስወጡ። ቨርጂኒያ ሲቲና ጎልድ ሂል በአንድነት ከ20,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸው ሆኑ። ጥቅምት 26 ቀን 1875 የከተማይቱ እምብርት በእሳት ሲወድም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ አጡ፤ ከተማይቱ በፍጥነት እንደገና ታነጸች፤ ለዚህም የታሆ ደን እንደገና ከፈለ።

ከመሬት በታች ያለው ኑሮ አስከፊ ነበር። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፤ በ1882 በጎልድ ሂል ማዕድኖችን ያጥለቀለቀው ውሃ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ሠራተኞቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ሆነው፥ በረዶ እየተሰጣቸው፥ በአጭር አጭር ጊዜ እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። የጎልድ ሂል የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር በ1866፥ የቨርጂኒያ ሲቲው በ1867 ተቋቁመው ከመሬት በታች ለሚሠራ ሁሉ በቀን 4 ዶላር እንዲከፈል ለማድረግ ቻሉ። በዘመኑ ይህ በኢንዱስትሪ ዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ደመወዞች አንዱ ነበር።

ሆኖም የማኅበሩ አንድነት ሁሉንም ሠራተኛ አላቀፈም። በ1869 የማኅበሩ አባላት ሰልፍ ወጥተው ቻይናውያን የባቡር ሠራተኞችን ከማዕድኑ አካባቢ አባረሩ፤ ሻረንም ቻይናውያኑ በዚያ እንዳይሠሩ ተስማማ። እነዚህ ሰዎች በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ቦታ ስላልተሰጣቸው ብዙዎቹ በደን ውስጥ ማገዶ ፈላጭ ሆኑ፤ ሌላው ቆርጦ የተወውን ጉቶ እየነቀሉ ይሸጡ ነበር። የአንዱ ሠራተኛ መብት በሌላው መገለል ላይ መቆሙን የኮምስቶክ ታሪክ አይሸሽግም።

የዋሾ ሕዝብ ያጣው

የታሆ ሐይቅ ከማንም በፊት የዋሾ ሕዝብ አገር ነበር። ዋሾዎች በበጋ ወደ ሐይቁ ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በመከር ወራት ደግሞ ወደ ምሥራቁ ኮረብቶች ወርደው ፒንዮን ከሚባለው ዝቅተኛ የጥድ ዛፍ ፍሬ እየሰበሰቡ ለክረምት ስንቅ ያከማቻሉ። ይህ ዛፍ ለጉድጓድ ድጋፍ አይረባም፤ ለማገዶና ለከሰል ግን ተመራጭ ሆነ። ለማዕድን ባለቤቱ አንድ ክምር ማገዶ የነበረው ለዋሾ ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ነበር። ወንዞቹ በመሰንጠቂያ ብናኝና በግንድ ሲዘጉ፥ ዓሣውም ለገበያ በገፍ ሲጠመድ፥ ሁለተኛው መተዳደሪያቸው ተነካ። ለመሬቱ ውል አልተዋዋሉም፤ ዋጋም አልተከፈላቸውም። ክስ መሥርተው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1970 የተወሰነላቸው ካሣ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከአንዱ ታላቅ ክምችት ከወጣው ሀብት አንድ ሃያኛ ማለት ነው፤ ያውም የገንዘቡ ዋጋ በመቶ ዓመት ውስጥ ከወደቀ በኋላ።

ውድቀት

ከ1877 በኋላ የማዕድኑ ምርት በፍጥነት አሽቆለቆለ። አዶልፍ ሱትሮ ውሃውን ለማውጣትና ለሠራተኛው አየር ለማስገባት በ1869 ያስጀመረው 6 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ከጉድጓዶቹ ጋር የተገናኘው በ1878 ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዋናው ማዕድን አልቋል፤ ጉድጓዶቹም ከዋሻው በታች ወርደዋል። እስከ 1882 የወጣው ጠቅላላ ሀብት 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ብር፥ የቀረው ወርቅ ነበር።

ይህን ያህል ብር ከአሜሪካ ምዕራብ መውጣቱ፥ ከጀርመን ወደ ወርቅ ገንዘብ መዞርና አሜሪካ በ1873 ካወጣችው የገንዘብ ሕግ ጋር ተደምሮ፥ የብርን የዓለም ዋጋ አወረደው። ጉዳቱ ሩቅ አገር ድረስ ተሰማ። በኢትዮጵያ የመገበያያ ገንዘብ የነበረው የማርያ ትሬዛ ብር ዋጋው በውስጡ ባለው ብር የሚለካ ስለ ነበረ ከዓለም ገበያ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር፤ ከውጭ አገር ዕቃ የሚገዛውም ብዙ ብር ለመክፈል ይገደድ ነበር።

ኔቫዳም ሕዝቧ ፈለሰ። በ1880 ከ62,000 በላይ የነበረው የነዋሪ ቁጥር በ1900 ወደ 42,000 ወረደ። የእንጨት ኩባንያውም ገበያውን አጥቶ በ1898 ሥራውን አቆመ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በሐይቁ ላይ ተሻግሮ ወደ ታሆ ሲቲ ተወሰደ፤ መንገደኞችንና ጎብኚዎችንም ያመላልስ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1899፥ መንግሥት በሐይቁ አካባቢ የተወሰነ መሬት የደን ጥብቅ ክልል አድርጎ አወጀ። ጥበቃው የመጣው ከቆረጣው በኋላ ነው።

የቀረው ዕዳ

የማዕድን ሥራ ሲያበቃ ዕዳው አብሮ አያበቃም። በኮምስቶክ ብሩ ከድንጋዩ የሚለየው ባዜቃ፥ ማለትም ሜርኩሪ፥ ከተፈጨው ድንጋይ ጋር በብረት ጋኖች ውስጥ በማሞቅና በማማሰል ነበር። በዚህ ሥራ ወደ 7,000 ቶን የሚጠጋ ባዜቃ እየፈሰሰ ከዝቃጩ ጋር ወደ ካርሰን ወንዝ እንደ ገባ ይገመታል። የመጨረሻው መውቀጫ ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1990፥ የአሜሪካ መንግሥት ወንዙንና ተከታዮቹን ሐይቆች ቅድሚያ ከሚሰጣቸው የተበከሉ ስፍራዎች መዝገብ አስገባ፤ ከዚያ የሚጠመደውን ዓሣ ሕዝቡ እንዳይበላ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ።

የደኑ ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። የታሆ ተራሮች ዛሬ አረንጓዴ ናቸው፤ ለሩቅ ተመልካች ምንም ያልጠፋ ይመስላል። ነገር ግን የበቀለው ደን የተቆረጠው ደን አይደለም። ቀድሞ ዛፎቹ ትላልቅ፥ እርስ በርሳቸው የተራራቁ፥ መለስተኛ እሳት የማይጎዳቸው ነበሩ። በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ በኋላ በአንድ ጊዜ የበቀሉት ዛፎች ዕድሜያቸው አንድ፥ ቁጥራቸውም የበዛ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት ማናቸውም እሳት እንዲጠፋ ስለ ተደረገ ደኑ ይበልጥ ተጨናነቀ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ ለውሃ የሚሻሙት ዛፎች ተዳከሙ፤ ቅርፊት የሚበሳ ጥንዚዛም ፈጃቸው። በሰኔ 2007 የአንጎራ እሳት በሐይቁ ደቡብ ከ250 በላይ ቤቶችን አቃጠለ፤ በ2021 ደግሞ የካልዶር እሳት የሳውዝ ሌክ ታሆ ነዋሪዎችን በሙሉ ከቤታቸው አስለቀቀ። ለእነዚህ እሳቶች የአየር ጠባይ ለውጥና የሰው ስፍራ መስፋት ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የሚነደው ማገዶ የተከማቸው ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ታሪክ ነው።

ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት

የዳይደስሃይመር ዘዴ በኮምስቶክ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1880ዎቹ በአውስትራሊያ በብሮክን ሂል የብር፥ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ሲከፈት ከኮምስቶክ የመጣው መሐንዲስ ዊልያም ፓተን ዘዴውን ተከለ። በዚያ አገር ለድጋፍ የሚበቃ ዛፍ ባለመኖሩ እንጨቱ ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣ ነበር። በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦ ደግሞ ለማገዶ ተመነጠረና አሸዋው በነፋስ እየተነሣ ከተማይቱን ያለብስ ጀመር። በ1936 አልበርት ሞሪስ በሚባል የዕፅዋት ወዳጅ መሪነት በከተማይቱ ዙሪያ መሬት ታጥሮ የአገሩ ዕፅዋት ተመልሰው እንዲበቅሉ ሲደረግ አሸዋው ረገበ። ሥራውን በገንዘብ የረዱት የማዕድን ኩባንያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ዕዳውን መክፈል የማይቻል ነገር አልነበረም፤ የሚጠይቀው ከሥራው ወጪ እንደ አንዱ መቁጠርን ነው።

በኮምስቶክ ያልተደረገው ይህ ነው። በዚያ የተሰማሩት ሰዎች በሙያቸው የሚታሙ አልነበሩም። የሣጥኑን ድጋፍ የነደፈው፥ በ1873 ከ500 ሜትር በላይ የሆነ የውሃ ግፊት በሚሸከም የብረት ቧንቧ ከሲየራ ለቨርጂኒያ ሲቲ ውሃ ያደረሰው ኸርማን ሹስለር፥ ሐዲዱንና ቦዩን የዘረጉት ሁሉ የየድርሻቸውን ጥያቄ በሚገባ መልሰዋል። ነገር ግን የአንዱ መልስ ለሌላው የሚያስከትለውን ጥያቄ የሚያይ አልነበረም። የማዕድን መሐንዲሱ እንጨት የሚጠይቀው ከመጋዘን ነው፤ ባለ መጋዘኑ ከባቡሩ፥ ባቡሩ ከቦዩ፥ ቦዩም ከደኑ ይጠይቃል፤ ደኑ ግን የሚጠይቀው የለውም። ሒሳቡ በዚያ ተቋርጦ ቀረ፤ ቀሪውን የዋሾ ሕዝብ፥ የካርሰን ወንዝና ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለዱ ነዋሪዎች ከፈሉት።

በዴቪድሰን ተራራ ሥር ያሉት ዋሻዎች አብዛኞቹ ውሃ ሞልቷቸዋል፤ ተንደዋልም። ከታሆ ዳርቻ የተቆረጡት ግንዶች በዚያ ጨለማ ውስጥ ናቸው። አንድን ማዕድን ለመክፈት የሚያቅድ ባለሙያ ከመሬት የሚወጣውን ሲተምን፥ ወደ መሬት የሚገባውን፥ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚተካም በዚያው መዝገብ በዚያው ገጽ ላይ እንዲጽፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።